«ጣዖት አጠገብ ነው የምተኛው»፦ ስለ ቡድሂስቶችና ስለ እኛ ስለ ክርስቲያኖች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ታላቅ እህቴ ቤይሩት ውስጥ በቤት ሠራተኝነት ስድስት ዓመት ኖራለች። ከስድስቱ አራቱን ያሳለፈችው ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከአንዲት የስሪላንካ ሴት ጋር ነው። የሚግባቡት ሁለቱም እዚያው በለመዷት የወጥ ቤት ዐረብኛ ነበር። በመጀመሪያው ሰሞን ስትደውል የሚያስጨንቃት ደመወዙም ማዳሟም አልነበሩም፤ መደርደሪያው ነበር። «ያለችን መደርደሪያ አንዲት ናት» አለችኝ። «ከላይ የእኔ ምስለ ፍቁር ወልዳ፣ ከታች የእሷ ቡድሃ። ጠዋት ጠዋት ውሃ በብርጭቆ ታስቀምጥለታለች፤ አበባ ካገኘች አበባ። ጣዖት አጠገብ ነው የምተኛው። ምን ይሻለኛል?»

የምመልስላት አልነበረኝም። ስለ ቡድሂዝም የማውቀው ከካራቴ ፊልም የቃረምኩትን ብቻ ነበር። እሷን ላጽናና ብዬ ማንበብ ጀመርኩ፤ ስለ ጓደኛዋ ሃይማኖት ያነበብኩት ሁሉ ግን እየዞረ ስለ ራሴ ሃይማኖት ይጠይቀኝ ጀመር። እህቴም ተሳስታ ነበር፣ እኔም ተሳስቼ ነበር፤ ከሁለታችንም የባሰ የተሳሳቱት ግን «ሁሉንም እናውቃለን» የሚሉት ሆነው አገኘኋቸው። ስሕተቶቹን በየተራ ላንሣቸው። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ቡድሃ አምላካቸው ነው፤ ሐውልቱን ያመልካሉ

ቡድሃ የምንለው ሰው ሲዳርታ ጋውታማ ይባል ነበር። ዛሬ ኔፓል በምትባለው አገር ሉምቢኒ በተባለች ቦታ ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበሩት መቶ ዓመታት ተወለደ፤ ሰማንያ ዓመት ገደማ ኖሮም ሰሜን ሕንድ ውስጥ ኩሺናጋር በምትባል ከተማ ሞተ። «ቡድሃ» የማዕረግ ስም ነው፤ «የነቃ» ማለት ነው። «ክርስቶስ» የሚለው ቃል «የተቀባ» ማለት እንደሆነ ሁሉ ማለት ነው። ሰውየው ዓለምን ፈጠርኩ አላለም፤ ኃጢአት እደመስሳለሁም አላለም። መንገዱን አይቼዋለሁ፣ እናንተም ሂዱበት ነው ያለው።

ታዲያ አበባው ለምንድን ነው? የስሪላንካ ምእመናን አበባ ሲያቀርቡ በፓሊ ቋንቋ የሚደግሟት አጭር ጸሎት አለች። ፍሬ ነገሯ፣ ይህ አበባ እንደሚጠወልግ የእኔም ሥጋ እንዲሁ ወደ ጥፋት ይሄዳል የሚል ነው። እህቴ ይህን ስነግራት ጥቂት ዝም ብላ «ይህማ ዳዊት ነው» አለች። እውነቷን ነው፤ የሰውን ዘመን ከሣርና ከዱር አበባ ጋር የሚያመሳስለውን መዝሙር በልጅነቷ ከእናታችን ሰምታዋለች። አበባው በማግስቱ እንዲጠወልግ ሆኖ ነው የሚቀርበው። ሳይጠወልግማ ምን ያስተምራል?

የተሳሳተ አመለካከት፦ እንግዲያው ቡድሂዝም ፍልስፍና እንጂ ሃይማኖት አይደለም

ይህኛው የተማሩ ሰዎች ስሕተት ነው፤ አዲስ አበባ ካፌ ውስጥ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ሐውልት አይመለክም ከተባለ ዘንድ ሃይማኖቱ ጠቅላላ የአእምሮ ስፖርት ይመስላቸዋል።

ስሪላንካ ውስጥ ካንዲ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ባለው ቤተ መቅደስ የቡድሃ ጥርስ ነው የሚባል ቅዱስ ዐፅም ይጠበቃል። በየዓመቱ ክረምት ላይ የጥርሱ ማኅደር አምሳያ ባጌጠ ዝሆን ጀርባ ላይ ሆኖ፣ ከበሮ እየተመታ፣ ሕዝብ እያጀበው ሌሊት ከተማውን ይዞራል። የጥምቀትን ታቦት አጅቦ ጃንሜዳ የወረደ ሰው ነገሩን ለመረዳት ፍልስፍና አያስፈልገውም። የእህቴ ጓደኛም ልጇ ሲታመም ስእለት ተስላለች። ቡድሃ ጸሎት ሰምቶ የሚፈርድ ፈጣሪ አለመሆኑን መነኮሳቱ ያስተምራሉ፤ እናት ግን እናት ናት። በየቤተ መቅደሱ ቅጥር ግቢ ለአማልክት የተሠሩ ትናንሽ መቅደሶች የሚገኙትም በዚሁ ምክንያት ነው። መጽሐፉ ላይ ያለው ትምህርትና ምእመኑ የሚኖረው ኑሮ እነሱም ዘንድ ሁልጊዜ አይገጣጠሙም። እኛ ዘንድስ?

የተሳሳተ አመለካከት፦ ወፍራሙ፣ ሳቂታው ሽማግሌ ቡድሃ ነው

አይደለም። በቻይና ምግብ ቤቶች መግቢያ ላይ ሆዱን ገልጦ የሚስቀው ሰው ቡዳይ ይባላል። በ10ኛው መቶ ዘመን ቻይና ውስጥ ከረጢት ተሸክሞ ይዞር የነበረ መነኩሴ ነው ይሉታል፤ ወደፊት የሚመጣው ቡድሃ ተገልጦበታል ብለውም ያምናሉ። ሲዳርታማ በጾም ብዛት ከስቶ የጎድን አጥንቱ የሚቆጠርበት ዘመን ነበረው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ቡድሂስቶች ሥጋ አይበሉም

ቤይሩት ውስጥ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። ረቡዕና ዓርብ ሥጋውን ገፍታ ሽሮ ፍለጋ የምትንከራተተው ክርስቲያኗ እህቴ ነበረች፤ ቡድሂስቷ ዓሣዋን በቃሪያ አጣፍጣ ትበላለች። «እናንተ ናችሁ ወይስ እኛ ነን ሥጋ የማንበላው?» ብላ ጠይቃት በሳቅ ፈርሰዋል። በዓመት ከ180 ቀን በላይ የሚጾም ምእመን ከማን ጋር ይወዳደራል?

ነገሩ እንዲህ ነው። በስሪላንካ፣ በታይላንድና በበርማ (በዛሬዋ ሚያንማር) ባለው፣ ቴራቫዳ በሚባለው የቡድሂዝም ሥርዓት መነኩሴ የተሰጠውን ይበላል። ሥጋ የሚከለከለው እንስሳው ለእሱ ተብሎ ሲታረድ ካየ፣ ከሰማ ወይም ከጠረጠረ ነው። ደቀ መዝሙሩ ዴቫዳታ «ሥጋና ዓሣ ለመነኮሳት ፈጽሞ ይከልከል» ብሎ ሲጠይቅ ቡድሃ እንቢ እንዳለው ጥንታዊው ትውፊት ይናገራል፤ የሚወድ ይተው፣ ግዴታ ግን አይሁን ብሎ። የቻይና መነኮሳት ግን ሥጋ አይቀምሱም። የቲቤት ሰዎች ደግሞ ከገብስ በቀር ብዙ በማይበቅልበት ብርዳም ደጋ ላይ ስለሚኖሩ ያክ የሚባለውን የደጋ ከብት ሥጋ ይበላሉ።

የእነሱ ጾም በምግቡ ዓይነት ሳይሆን በሰዓቱ ነው። መነኩሴ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ እስከ ማግስቱ ንጋት እህል አይቀምስም። ስሪላንካ ውስጥ ጨረቃ ሙሉ የምትሆንበት ቀን ሁሉ ፖያ የሚባል የሕዝብ በዓል ነው፤ መጠጥ ቤት ይዘጋል፤ ብዙ ምእመናንም ነጭ ለብሰው ቤተ መቅደስ ይውላሉ፤ ለዚያ ቀን እንደ መነኮሳቱ ከ6 ሰዓት በኋላ አይበሉም። የእህቴ ጓደኛ ነጭ ልብስ ባይኖራትም በፖያ ማታ እራቷን ትተው ነበር። እኛ በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ሳንበላ እንቆያለን፤ እነሱ ከ6 ሰዓት በኋላ አይበሉም። አንድ የእኛ አባትና አንድ የእነሱ መነኩሴ ምሳ ልጋብዝህ ቢባባሉ በስንት ሰዓት እንደሚገናኙ እንጃ።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ሕይወት ስቃይ ነው» የሚሉ ጨለምተኞች ናቸው

የቡድሃ የመጀመሪያው ትምህርት ዱካ የሚባል ቃል አለበት። «ስቃይ» ተብሎ ይተረጎማል፤ ትርጉሙ ግን ከዚያ ይሰፋል። የጥርስ ሕመም ዱካ ነው። የጠበቅኸው ሠርግ ደርሶ፣ በልተህ ጨፍረህ፣ ማታ ቤትህ ስትገባ የሚሰማህ ያ ስም የሌለው ባዶነት እሱም ዱካ ነው። ደስታ የለም አላለም፤ ደስታ አይቆይም፣ የማይቆየውን ጨብጠን ልናስቀረው ስንታገል ነው የምንታመመው አለ። ይህን የሰማ ክርስቲያን «ጨለምተኛ» ከማለቱ በፊት መጽሐፈ መክብብን ይክፈት። ሁሉም ከንቱ ነው፣ ነፋስን እንደ መከተል ነው የሚለው የእኛው መጽሐፍ ነው። በዚያ ላይ ቡድሃ ንግግሩን እዚያ አላቆመም፤ ሕመሙን ስም ሰጥቶ፣ ምክንያቱን ተናግሮ፣ ይድናል ብሎ፣ መድኃኒቱን አዝዞ ነው የጨረሰው። እንዲህ ያለውን ሰው ሐኪም እንለዋለን እንጂ ጨለምተኛ አንለውም።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ዓለምን ንቀው የሸሹ ናቸው፤ ለቤትና ለትዳር፣ ለሥራ ምክር የላቸውም

ይህችን ነጥብ ረዘም አድርጌ እነግራችኋለሁ፤ እህቴን ከጓደኛዋ ጋር ያስታረቃት እሷ ስለሆነች።

ከጥንታዊው የፓሊ መጻሕፍት በአንዱ ሲጋላ ስለሚባል ወጣት ይነገራል። በማለዳ ታጥቦ፣ ጸጉሩና ልብሱ ውሃ እያንጠባጠበ፣ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ደቡብ፣ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሰሜን፣ ወደ ታችና ወደ ላይ ሲሰግድ ቡድሃ በመንገድ ያገኘዋል። ለምን እንደሚሰግድ ቢጠይቀው «አባቴ ሲሞት አዝዞኝ ነው» ይለዋል። ቡድሃ ልማዱን አልነቀፈበትም፤ አቅጣጫዎቹን ግን በሰው ሞላቸው። ምሥራቅ ወላጆችህ ናቸው አለው፤ ደቡብ መምህራንህ፣ ምዕራብ ሚስትህና ልጆችህ፣ ሰሜን ወዳጆችህ፣ ታች ሠራተኞችህ፣ ላይ ደግሞ መናንያን። ለእያንዳንዳቸው የሚገባቸውን ብታደርግ ያን ጊዜ ሰገድህ ማለት ነው።

እዚያው ላይ የገንዘብ ምክርም አለ። ያገኘኸውን አራት ቦታ ክፈል፦ አንዱን እጅ ኑርበት፣ ሁለቱን እጅ ሥራህ ላይ አውለው፣ አራተኛውን ለክፉ ቀን አስቀምጥ። ዕቁብ የጣለ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመስማት ገዳም መግባት አያሻውም።

እህቴን ያስደነገጣት ግን «ታች» ያለው ነው። አሠሪ ለሠራተኛው አምስት ነገር ይገባዋል ይላል፦ እንደ አቅሙ ሥራ መስጠት፣ ምግብና ደመወዝ መስጠት፣ ሲታመም ማስታመም፣ ከተጣፈጠው ምግብ ማካፈል፣ በጊዜው ዕረፍት መስጠት። ይህን በስልክ አንብቤላት ስጨርስ ዝም አለች። የተቋረጠ መስሎኝ «ሄሎ» ስል «አለሁ» አለችኝ። «ከተጣፈጠው ምግብ ማካፈል የሚለውን ድገምልኝ።»

የማዳሟ ሳሎን ግድግዳ ላይ ትልቅ መስቀል ተሰቅሏል። ሁለት ወር ደመወዝ ሳይከፈላቸው የቆዩት፣ የዕረፍት ቀን የሌላቸውም በዚያው ቤት ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ስለዚህ ዝም ብሎ ከሆነ ይጣራ። ዘዳግም ምዕራፍ 24 የድኻውን ደመወዝ ፀሐይ ሳትገባ ክፈለው ይላል። የጳውሎስ መልእክት ወደ ቆላስይስ ሰዎች ጌቶችን፣ እናንተም በሰማይ ጌታ አላችሁና ለባሪያዎቻችሁ የሚገባውን አድርጉ ይላቸዋል። ያዕቆብ ደግሞ የተቀማው የአጫጆች ደመወዝ ይጮኻል ይላል። ከሁለቱ መጻሕፍት የትኛው ይበልጣል ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል። ከመደርደሪያው ሥር የተኙት ሁለት ሴቶች ግን ሁለቱም በሁለቱም መጻሕፍት ሚዛን ተበድለዋል። ከዚያ ሌሊት በኋላ እህቴ «ጣዖት አጠገብ» የምትለውን ቃል ተወችው።

ከዚሁ ጋር፣ ምእመን የማይነግድባቸው አምስት ነገሮችም አሉ፦ የጦር መሣሪያ፣ ሰው፣ ሥጋ፣ አስካሪ መጠጥና መርዝ። «ሰው» የሚለው ከደላላ እጅ ላለፈ ሰው ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

የተሳሳተ አመለካከት፦ መነኮሳታቸው ሥራ ፈት ለማኞች ናቸው

ልጅ ሳለሁ ደበሎ የለበሱ የቆሎ ተማሪዎች ማለዳ ከደጃችን ቆመው «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲሉ ውሻችን አብሮ ይጮህ ነበር። እናቴ እንጀራ ይዛ የምትወጣው እየሮጠች ነው። እነዚያን ልጆች ማንም ሥራ ፈት አላላቸውም፤ ቅኔና ዜማ ተሸክመው የሚሄዱት እነሱ እንደሆኑ አገሩ ያውቃል።

በባንኮክም በካንዲም ጎሕ ሲቀድ የሚሆነው ለዚህ ይቀርባል፤ ግን ድምፅ የለውም። መነኩሴው ባዶ እግሩን፣ ዓይኑን ወደ መሬት ጥሎ፣ ሳሕኑን ይዞ ያልፋል። አይለምንም፣ አያንኳኳም። የሚሰጠው ሰው ጫማውን አውልቆ ይጠብቀዋል፤ ምግቡን አድርጎለት እጅ የሚነሣውም ሰጪው ነው። መነኩሴው አያመሰግንም። ለውጪ ሰው ይህ ትዕቢት ይመስላል፤ እነሱ ዘንድ ግን ዕድል ያገኘው ሰጪው ስለሆነ «አመሰግናለሁ» ማለት የእሱ ፈንታ ነው። ለጾም መያዣ ነድያንን አብልቶ «በልታችሁልኛልና ይስጥልኝ» ያለ ሰው ይህ አይገርመውም።

ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። እኛ ዘንድ መነኩሴ ሲመነኩስ ለዓለም ሞቷልና ጸሎተ ፍትሐት ይደረስለታል፤ ተመልሶ አይመጣም። ታይላንድ ውስጥ ግን ወጣት ወንድ ለአንድ የዝናብ ወራት፣ ሦስት ወር ያህል፣ መንኩሶ ወደ ሥራው መመለሱና ማግባቱ የተለመደ ነው። ንጉሥ ቡሚቦል ራሳቸው በ1956 ዙፋን ላይ ሳሉ 15 ቀን መንኩሰው ማለዳ ምጽዋት ሲቀበሉ ታይተዋል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ማሰላሰል የእነሱ ነው፣ መጸለይ የእኛ

«ጓደኛሽ ዓይኗን ጨፍና ለስንት ሰዓት ትቀመጣለች?» ብዬ እህቴን ጠይቄያት ነበር። «ማን? እሷ?» አለችኝ። «አንተ ልጅ፣ ቁጭ የምትልበት ጊዜ ከየት ታመጣለች?»

በእስያ ያለው አብዛኛው ቡድሂስት ምእመን በታሪኩ ሁሉ እንደዚያች ሴት ነው የኖረው፦ ምጽዋት ይሰጣል፣ አለመግደል፣ አለመስረቅ፣ አለመዋሸት የመሳሰሉትን አምስቱን ትእዛዛት ለመጠበቅ ይሞክራል፣ በዓል ያከብራል። ተመስጦ የመነኮሳት፣ ከእነሱም የጥቂቶቹ ሥራ ነበር። ምእመናን በብዛት እንዲቀመጡ ማስተማር የተጀመረው እንግሊዞች በርማን ጠቅልለው ከያዙ በኋላ፣ ሌዲ ሳያዶ በሚባሉ የበርማ መነኩሴ ዘመን ነው፤ ሃይማኖቱ እንዳይጠፋ በየሰዉ ልብ እንዲተከል ብለው። ዛሬ በየስልኩ የሚሸጠው «አእምሮን የማረጋጋት» ትምህርት ደግሞ ከ1979 ጀምሮ አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ለሕሙማን በተከፈተ ፕሮግራም በኩል የተስፋፋ ነው። ሁለቱም የአያት የቅድመ አያት አይደሉም።

ዝምታውም የእነሱ ብቻ አይደለም። በ4ኛው መቶ ዘመን የግብፅ በረሃ አባቶች ሐሳብን እየተከታተሉ፣ አንዲት አጭር ጸሎት እየመላለሱ ይኖሩ ነበር። ወደ እኛ የመጡት ተስዓቱ ቅዱሳንም የዚሁ ምንኩስና ልጆች ናቸው። የእናቴ መቁጠሪያ 41 ፍሬ አለው፤ የእህቴ ጓደኛ አገር ደግሞ 108 ፍሬ ያለው መቁጠሪያ አለ። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ሲባል ጣት ላይ የሚያልፈው ፍሬ ምን እንደሚሠራ ሁለቱም ጣቶች ያውቁታል።

በዚህ ርዕስ ሥር ከሁሉ የምወዳቸው ሁለት ወጥ ቤቶች አሉ። በ1223 ዶገን የሚባል የ23 ዓመት ጃፓናዊ መነኩሴ ትምህርት ፍለጋ ቻይና ደርሶ ገና ከመርከቡ ሳይወርድ፣ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ እንጉዳይ ሊገዛ ይመጣል። የገዳሙ ወጥ ሠሪ ነው። ዶገን እደር ቢለው «የነገውን ምግብ ማን ይሠራል?» ብሎ እንቢ አለ። «በዚህ ዕድሜህ እንዲህ ከምትደክም ለምን ተቀምጠህ አታሰላስልም?» ሲለው ሽማግሌው ከት ብሎ ሳቀ፤ አንተ የባዕድ አገር ሰው፣ ሃይማኖት ምን እንደሆነ ገና አልገባህም አለው። ዶገን ከዓመታት በኋላ የጃፓን ታላቅ መምህር ሆኖ ለወጥ ሠሪዎች መመሪያ ጻፈ፤ ሩዙን እንደ ዓይናችሁ ብሌን ያዙት ይላል።

ሁለተኛው ወጥ ቤት ፓሪስ ነው፣ 17ኛው መቶ ዘመን። በጦርነት ቆስሎ የሚያነክስ የቀድሞ ወታደር የቀርሜሎስ ገዳም ገብቶ ወንድም ሎራን ተባለ፤ ምድጃ ላይ መደቡት። በተፈጥሮው ወጥ ቤት ይጠላ ነበር። እዚያው ድስት ሲንኳኳ፣ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲጠራው፣ በቅዱስ ቁርባን ፊት ተንበርክኮ እንዳለ ያህል እግዚአብሔርን እንደሚያገኘው ይናገር ነበር። በ1691 ሞተ። ሁለቱ ሰዎች እርስ በርሳቸው ስለመኖራቸው አልሰሙም።

ለእህቴ ሁለቱንም ነገርኳት። «ጥሩ ነው» አለች፤ «ግን ወጥ ቤቱ የራሳቸው ነበር።» ይህን መልስ እስካሁን የትም መጽሐፍ ላይ አላገኘሁትም። ወጥ ቤትን ስለ መቀደስ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ፓስፖርታቸው በእጃቸው ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ቡድሂስት ሁሉ ሰላማዊ ነው

በ1959 የስሪላንካን ጠቅላይ ሚኒስትር ሰሎሞን ባንዳራናይኬን በሽጉጥ የገደለው የቡድሂስት መነኩሴ ነው። በ2017 ከሚያንማር ከ700,000 በላይ የሮሂንጋ ሙስሊሞች ወደ ባንግላዴሽ ሲሰደዱ ጥላቻውን ቀድመው የሰበኩ መነኮሳት ነበሩ። «አትግደል» የሚለውን ትእዛዝ በቃሉ እያወቀ የገደለ ክርስቲያን ያላየ አገር ካለ ድንጋዩን እሱ ይወርውር።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ዞሮ ዞሮ ሁሉም አንድ ነው

እስካሁን ያነበበ ሰው እዚህ እንድደርስ ጠብቆ ይሆናል። አልደርስም። «ሁሉም አንድ ነው» ማለት ትሕትና ይመስላል፤ እኔ ግን ሁለቱንም ሳያዳምጡ ማለፍ ይመስለኛል።

ኢየሱሳውያን ከሚባለው የካቶሊክ ማኅበር የሆነው ሚስዮናዊ ፍራንሲስ ዣቪየር በነሐሴ 1549 ጃፓን ገባ። አስተርጓሚው ጃፓናዊ «እግዚአብሔር» ለሚለው ቃል «ዳይኒቺ» የሚለውን ሰጠው። ዣቪየር በየአደባባዩ «ወደ ዳይኒቺ ጸልዩ» እያለ ሲሰብክ የሺንጎን ወገን የሆኑ የቡድሂስት መነኮሳት ደስ ብሏቸው ተቀበሉት፤ ዳይኒቺ የእነሱ ታላቅ ቡድሃ ነውና የሩቅ ወንድም የመጣ መሰላቸው። ሁለት ዓመት ገደማ እንዲህ ሄደ። በ1551 ስለ ሥላሴ፣ ሰው ስለ ሆነውና ስለ ተሰቀለው አምላክ ሲጠይቃቸው ነገሩ እንግዳ ሆነባቸው፤ አንዳንዶቹም ሳቁ። ዣቪየር ደንግጦ ስብከቱን ገለበጠው፤ «ወደ ዳይኒቺ አትጸልዩ» ማለት ጀመረ። ወዳጅነቱ ያን ቀን አበቃ። ቃላቸው ተመሳስሎ ነበር፤ ያመኑት ግን አንድ አልነበረም።

ልዩነቶቹ እውነተኞች ናቸው። ክርስቲያን ዓለም ከፈጣሪ እጅ ወጣች ይላል፤ ቡድሂስት መነሻዋን አይጠይቅም። ክርስቲያን እግዚአብሔር በስሙ የሚጠራት ነፍስ አለችኝ ይላል፤ ቡድሂስት «እኔ» የምትለውን ፈልገህ አምጣት ይለዋል። ዳግም መወለድን እንኳ ብዙ ሰው እንደ ተስፋ ያወራዋል፤ እነሱ ግን ሊያመልጡት የሚፈልጉት አዙሪት ነው። የሚያልፍ ነፍስ ከሌለ ምን ይወለዳል ብሎ ግሪካዊው ንጉሥ ሚሊንዳ ቢጠይቅ፣ መነኩሴው ናጋሴና ከአንድ መብራት ሌላ መብራት ሲለኮስ ምን ዕቃ ተሻገረ ብሎ መለሰለት። በትንሣኤ ሌሊት ጧፍ ከጧፍ ስንለኩስ እሱ ያለው በዓይናችን ፊት አለ፤ እኛ ግን በዚያ ብርሃን የምናውጀው አንድ የተወሰነ ሰው፣ ከነቁስሉ፣ ከመቃብር መውጣቱን ነው። ይህን ከዚያ ጋር አንድ ነው ማለት ለሁለቱም ስድብ ነው።

ድንበሩ ግን ቀጥ ያለ አጥር አይደለም። በ13ኛው መቶ ዘመን ሺንራን የሚባል ጃፓናዊ ሰው በራሱ ጥረት አይድንም፣ በአሚዳ ቡድሃ ምሕረት ታምኖ ነው እንጂ ብሎ አስተማረ። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ የመጡ ኢየሱሳውያን ይህን ሰምተው ተናደዱ፤ በእምነት ብቻ ይዳናል የሚለው ሉተር እዚህም ቀደመን እንዴ አሉ ማለት ይቻላል። አሜሪካዊው የካቶሊክ መነኩሴ ቶማስ ሜርተንም በ1968 ሕንድ ውስጥ ዳራምሳላ ድረስ ሄዶ ከቲቤት ቡድሂስቶች መሪ ከዳላይ ላማ ጋር ሦስት ጊዜ ተገናኝቶ ስለ ጸሎት ተጨዋውቷል፤ ክርስቲያን ሆኖ ሄደ፣ በዚያው ጉዞ ባንኮክ አጠገብ ክርስቲያን ሆኖ ሞተ።

የተሳሳተ አመለካከት፦ የቡድሃ ነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ፍጹም ባዕድ ነው

ዣቪየር ጃፓን በገባ በአራተኛው ዓመት፣ በ1553፣ የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም ለዐፄ ገላውዴዎስ አንድ መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተረጎሙ። መጽሐፉ «በረላም ወይዋስፍ» ይባላል። የሕንድ ንጉሥ ልጅ ይወልዳል፤ ልጁ ዙፋኑን ትቶ እንደሚመንን ይተነበያል። አባትየው ሕመም፣ እርጅናና ሞት እንዳያይ በቤተ መንግሥት ይዘጋበታል። ልጁ አንድ ቀን ወጥቶ በሽተኛና ሽማግሌ ያያል፤ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለውም። በረላም የሚባል መናኝ ዕንቁ የሚሸጥ ነጋዴ መስሎ ገብቶ ክርስትናን ያስተምረዋል፤ ይዋስፍም ነግሦ ዙፋኑን ይተዋል።

ይህ የሲዳርታ ታሪክ ነው። ይዋስፍ የሚለው ስም ራሱ ቡድሂስቶች ገና ያልነቃውን ቡድሃ የሚጠሩበት «ቦዲሳትቫ» ነው። በፋርስ በኩል ሲያልፍ «ቦዲሳፍ»፣ ዐረብኛ ላይ «ቡዳሳፍ» ሆነ። የዐረብኛ «በ» ከሥሩ አንድ ነጥብ አለው፤ ሁለት ከሆነ «የ» ነው። አንድ ነጥብ በመጨመሩ «ዩዳሳፍ» ተባለ። ከዚያ በጆርጂያ ቋንቋ፣ ከዚያ በግሪክኛ «ዮአሳፍ»፣ በላቲን «ዮሳፋጥ» እየተባለ ሄደ፤ የምሥራቅም የምዕራብም ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳን ጋር ቆጠሩት። በ13ኛው መቶ ዘመን ማርኮ ፖሎ ስለ ስሪላንካ ሲያወራ፣ ቡድሃ ክርስቲያን ቢሆን ኖሮ ታላቅ ቅዱስ ይሆን ነበር ብሏል። በዚያ ጊዜ ሆኖ ነበር፤ ማርኮ ፖሎ አላወቀም እንጂ።

ዕንባቆም ራሳቸው ከየመን የመጡ፣ ከእስልምና የተመለሱ ሰው ናቸው፤ ነጋዴ ነበሩ ይባላል። ዕንቁ ይዞ ስለመጣው ነጋዴ ሲተረጉሙ ምን እንደተሰማቸው ማሰብ ደስ ይለኛል። የማንን ታሪክ እንደያዙ አላወቁም። ትምህርቱማ ተለውጧል፦ የግእዙ ይዋስፍ ያገኘው ፈጣሪውን ነው፤ ሲዳርታ አላገኘሁትም፣ አልፈለግሁትምም ይላል። ማታ እንቅልፍ የነሣቸው ሽማግሌ ግን ያው ሽማግሌ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ያለች አንዲት ምሳሌም ሕንዳዊት ናት፦ አውሬ ያባረረው ሰው ጉድጓድ ላይ በበቀለ ዛፍ ተንጠልጥሎ፣ ጥቁርና ነጭ አይጥ ሥሩን ሲገዘግዙ፣ ከታች ዘንዶ አፉን ከፍቶ ሲጠብቀው፣ እሱ ከቅጠሉ የምትንጠባጠብ ማር ይልሳል። አይጦቹ ሌሊትና ቀን ናቸው።

እህቴ አሁን አዲስ አበባ ናት፤ ጓደኛዋ ካንዲ ገብታለች። በዘመን መለወጫና በቬሳክ፣ የቡድሃ ልደት በሚከበርበት የግንቦት ሙሉ ጨረቃ፣ ይደዋወላሉ። ባለፈው ጊዜ እህቴ የይዋስፍን ታሪክ በዚያችው በወጥ ቤት ዐረብኛቸው ነገረቻት። እኔ አጠገቧ ተቀምጫለሁ። ንጉሡ፣ የተዘጋው ግቢ፣ በሽተኛው፣ ሽማግሌው፣ በሌሊት ሁሉን ትቶ መሄዱ። ከወዲያ በኩል ድምፅ ጠፋ። ቀጥሎ ጓደኛዋ ጮክ ብላ የተናገረችውን እህቴ ስልኩን በእጇ ሸፍና ተረጎመችልኝ።

«ፈረሱስ? ትላለች። ይዞት የወጣው ፈረስ በኀዘን ሞቷል እኮ፤ እሱን ለምን ተዋችሁት ትላለች።»